አምላክ አለ፤ ይናገራልስ? ከጋይንት የወጣው ሐተታና ዴይዝም

ከወረታ ወደ ወልድያ የሚጓዝ ሰው ንፋስ መውጫን ያልፋል። የላይ ጋይንት ዋና ከተማ ናት። ለአብነት ተማሪ ግን ጋይንት ሲባል ቀድሞ የሚታሰበው መንገዱ ሳይሆን ትምህርቱ ነው። ድጓ የዘለቀ ሰው «የት ነው ያስመሰከርከው?» ተብሎ «ቤተልሔም» ካለ ሌላ ጥያቄ የለም፤ ያቺ ቤተልሔም ያለችው ጋይንት ውስጥ ነው። የዝማሬ መዋሥዕቱ ዙር አምባም እዚያው ጋይንት ነው።

በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ በዚችው ቤተልሔም አንድ ጣሊያናዊ መነኩሴ ተቀምጠው ነበር፤ ከካፑቺን ማኅበር የሆኑ አባ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ። የመጡት ለካቶሊክ ስብከት ነው፤ ልባቸውን የወሰደው ግን ግዕዝ ሆነ። መዝገበ ቃላት አዘጋጁ፣ የብራና መጻሕፍት እያፈላለጉም ለፈረንሳዊው ተመራማሪ ለአንቷን ዳባዲ ይልኩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1852 ለዳባዲ በጻፉት ደብዳቤ አንድ ያልተለመደ የግዕዝ መጽሐፍ ማግኘታቸውን ነገሯቸው። (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት፣ ሌላ ካላልኩ በቀር፣ ሁሉም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) መጽሐፉ ዛሬ «ሐተታ ዘርዐ ያዕቆብ» የምንለው ነው።

ስለዚህ መጽሐፍ ሁለት ነገር ሰምታችሁ ይሆናል። አንደኛው «ኢትዮጵያ ከአውሮፓውያን እኩል ፈላስፋ ነበራት» የሚል ነው። ሁለተኛው «አይ፣ ፈረንጅ የጻፈው ነው» የሚል። ክርክሩ ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ይቆምና መጽሐፉ ምን እንደሚል ሳይነገር ይቀራል። እኔ ቅደም ተከተሉን ልገልብጠው፦ መጀመሪያ ምን ይላል፣ ከዚያ ማን ጻፈው።

ዴይዝም ምንድን ነው?

መጽሐፉን ያነበቡ ብዙ ምሁራን «ይሄማ ዴይዝም ነው» ብለዋል። ቃሉ አምላክ ከሚል የላቲን ስም የመጣ ነው። አሳቡ ባጭሩ እንዲህ ነው፦ ዓለምን የፈጠረ አምላክ አለ፤ ይህንንም በአእምሯችን ብቻ፣ ፍጥረትን አይተን ማወቅ እንችላለን። ነገር ግን ያ አምላክ ለነቢይ ተገለጠ፣ መጽሐፍ አወረደ፣ ተአምር አደረገ የሚሉትን ነገሮች ዴይስት አይቀበልም፤ ወይም ቢያንስ «በአእምሮ ሚዛን ይመዘኑ» ይላል።

እዚህ ላይ አትሳሳቱ፤ ዴይስት አምላክ የለም ባይ አይደለም። «አምላክ ስለመኖሩ ማወቅ አይቻልም» ከሚለውም ይለያል። አለ ይላል፤ በእርግጠኝነት ይላል። የሚለየው «ከዚያስ?» በሚለው ጥያቄ ላይ ነው።

አሳቡ አውሮፓ ውስጥ የጎለበተው በደም መሐል ነው። ከ1618 እስከ 1648 ካቶሊክና ፕሮቴስታንት ነን የሚሉ መንግሥታት ለሠላሳ ዓመት ተፋጁ (ሃይማኖት ብቻውን የጦርነቱ ምክንያት ባይሆንም)። ሁለቱም ወገን አንድ መጽሐፍ ቅዱስ ይዟል፣ ሁለቱም «እኔ ነኝ ልክ» ይላል። ታዲያ ዳኛው ማን ይሁን? እንግሊዛዊው ኸርበርት ኦፍ ቸርበሪ በ1624 ላቲን በሆነ መጽሐፉ አንድ መልስ ሰጠ፦ የሰው ልጆች ሁሉ የሚስማሙባቸውን ነገሮች እንፈልግ። አምስት ቆጠረ፤ አምላክ አለ፣ ሊመለክ ይገባዋል፣ ዋናው አምልኮ በጎነት ነው፣ ለኃጢአት ንስሐ ያስፈልጋል፣ ከሞት በኋላ ዋጋና ቅጣት አለ። የቀረው የካህናት ጭማሪ ነው ማለቱ ነበር።

ከእሱ በኋላ የመጡት እየደፈሩ ሄዱ። አየርላንዳዊው ጆን ቶላንድ በ1696 ክርስትና ውስጥ ከአእምሮ በላይ የሆነ ምሥጢር የለም ብሎ ጻፈ፤ በማግሥቱ ዓመት የአየርላንድ ፓርላማ መጽሐፉ እንዲቃጠል አዘዘ። ማቲው ቲንዳል በ1730፣ ከዚያም ቮልቴር፣ በ1790ዎቹ ቶማስ ፔይን መጡ። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ቶማስ ጀፈርሰን ደግሞ በእርጅናው ወንጌሎቹን በምላጭ ቆራርጦ የኢየሱስን ትምህርት አስቀረ፣ ተአምራቱን ተወ። የዴይዝምን አሳብ በአንድ ዕቃ አሳዩ ብትባሉ ከዚያ የተቆራረጠ መጽሐፍ የተሻለ አታገኙም።

ዋሻው ውስጥ

አሁን ወደ ሐተታው። መጽሐፉ ራሱ እንደሚተርከው (በዚህ ክፍል የምነግራችሁ ሁሉ ከመጽሐፉ ነው) ዘርዐ ያዕቆብ የተወለደው በአክሱም አካባቢ፣ ከድኻ ገበሬ ቤት፣ በነሐሴ ወር 1592 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር ነው። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከነገሠው ከዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ጋር እንዳታምታቱት። ዜማ ተማረ፣ ቅኔና ሰዋስው ተማረ፣ ከዚያ አሥር ዓመት ትርጓሜ መጻሕፍት ተማረ። ተመልሶ አክሱም ላይ መምህር ሆነ።

ጊዜው ክፉ ነበር፤ ይህ ከመጽሐፉ ውጭም የታወቀ ታሪክ ነው። ዐፄ ሱስንዮስ በፖርቹጋልና በስፔን ኢየሱሳውያን ተሰብከው በ1622 ካቶሊክነታቸውን በይፋ ገለጹ፤ ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ ከመጡ በኋላ ሀገሩ ሁሉ እንዲከተል ግዴታ ሆነ። ገበሬው ተነሣ፣ መኳንንቱ ተነሡ፣ ወንድም ከወንድሙ ጋር ተዋጋ። በ1632 ንጉሡ ደክሟቸው ሕዝቡ ወደ ቀድሞ ሃይማኖቱ ይመለስ ብለው ዐወጁ፤ ልጃቸው ፋሲለደስም ነገሡ። እንግዲህ ልብ በሉ፤ አውሮፓ በሠላሳ ዓመቱ ጦርነት ስትነድ እኛም ቤት ያው ጥያቄ ይነድ ነበር።

መምህሩ ሲያስተምር «ፍራንጆች እንዲህ ይላሉ፣ ግብፆች እንዲህ ይላሉ» እያለ ሁለቱንም ያቀርባል እንጂ ይሄ ልክ ነው፣ ያ ስሕተት ነው አይልም። ውጤቱን መገመት አያቅታችሁም፦ ሁለቱም ጠሉት። አንድ ሰው ነገር ሠርቶ ለንጉሡ አሳበቀበት። ዘርዐ ያዕቆብም ጥቂት ወርቁንና መዝሙረ ዳዊቱን ይዞ በሌሊት ጠፋ፤ ተከዜ በረሃ አንድ ዋሻ አግኝቶ ሁለት ዓመት ተቀመጠ።

ዋሻው ውስጥ የሚያስጨንቀው ነገር ይህ ነው። ለማን ልጸልይ? የሚሰማኝስ አለ? ከዚያ ራሱን ይጠይቃል፤ ማን ፈጠረኝ? ወላጆቼ። እነሱንስ? የእነሱ ወላጆች። እንዲህ ወደ ኋላ ሲሄድ ያልተፈጠረ አንድ ፈጣሪ ላይ ካልቆመ ማቆሚያ የለውም። አስተዋይ ፍጥረት የፈጠረ ደግሞ ራሱ ከፍጥረቱ የበለጠ አስተዋይ መሆን አለበት። ክርክሩ ለዓለም አዲስ አይደለም፤ የግሪክም፣ የዐረብም፣ የላቲንም ሊቃውንት ተናግረውታል። የሚገርመው እንዴት እንደደረሰበት ነው፤ ከጉባኤ ሳይሆን ከስደት።

ቀጥሎ ትልቁ ጥያቄ። በመጻሕፍት የተጻፈው ሁሉ እውነት ነው? ሰውን ልጠይቅ ቢል ሁሉም በልቡ ያለውን ሃይማኖት ይነግረዋል። ፍራንጁን ብትጠይቀው የእኔ ነው ልክ ይላል፤ ግብፁም፣ እስላሙም፣ ይሁዲውም እንዲሁ። ሁሉም ተከራካሪ በሆነበት ችሎት ዳኛ ከየት ይመጣል? ስለዚህ ፈጣሪ ለሰው ሁሉ እኩል የሰጠውን ነገር ፈለገ፤ እሱም ልቡና ነው፣ የማስተዋል ብርሃን። ሰዎች ሐሰትን የሚቀበሉት ልቡና ስለሌላቸው አይደለም፤ መመርመር አድካሚ ስለሆነ ከአባት የሰሙትን ይዞ መኖር ስለሚቀላቸው ነው ይላል።

ከዚያ መመዘን ጀመረ። ማንንም አላስቀረም። ምንኩስና ፈጣሪ ወንድና ሴት አድርጎ ከፈጠረው ጋር አይስማማም አለ። የጾም ሕግን፣ ምግብን የሚፈልግ ሥጋ የፈጠረ ያው አምላክ አይደለም ወይ ብሎ ተቃወመ። የሙሴ ሕግ የሴት ልጅን የወር አበባ ርኩስ ማለቱን አልተቀበለም፤ ልጅ የሚፀነስበትን ሥርዓት የሠራ ፈጣሪ እንዴት የገዛ ሥራውን ያረክሳል? ብዙ ሚስት ማግባትንም እንዲሁ፤ ወንድና ሴት የሚወለደው በቁጥር እኩል ስለሆነ አንዱ አሥር ቢያገባ ዘጠኙ ያለ ሚስት ሊቀር ነው አለ። ሰውን እንደ ከብት መሸጥንም ኰነነ፤ ሰው ሁሉ በፈጣሪ ፊት እኩል ነውና። ዐሥርቱ ትእዛዛትን መዝኖ ከሰንበት በቀር ሁሉንም ልቡና ይመሰክርላቸዋል ብሎ ተቀበለ።

እንደ ሳይንስ ተማሪ አንድ ነገር ላክል። ስለ ወንድና ሴት ቁጥር የተናገረው ግምት ከእውነታው ብዙም አይርቅም፤ በዓለም ላይ በተፈጥሮ ለ100 ሴት ሕፃናት 105 ያህል ወንዶች ይወለዳሉ። ከቁጥሩ ወደ ሕጉ የተሻገረበት ድልድይ ግን ይወዛወዛል። «ተፈጥሮ እንዲህ ነው» ማለትና «እንዲህ መሆን አለበት» ማለት ሁለት ነገር ናቸው። ወባም በተፈጥሮ ያለ ነው፤ ማንም ግን ስለዚህ አትታከሙ አይልም። ርኀብ ተፈጥሯዊ ስለሆነ ጾም ስሕተት ነው ካልን፣ እንቅልፍም ተፈጥሯዊ ነውና ለፈተና ማምሸት ኃጢአት ሊሆን ነው! በዚህ ቦታ ሐተታው የደከመ ይመስለኛል። የአውሮፓ ዴይስቶችም ያው ጉድጓድ ውስጥ ብዙ ጊዜ ወድቀዋል።

ጠንካራው ክርክር ሌላ ነው። ለሰው ሁሉ መዳን የሚያስፈልግ ነገር ለሰው ሁሉ መድረስ አለበት። አንዱ ስማዳ ተወልዶ፣ ሌላው ከባሕር ማዶ ማንም ሰባኪ ባልደረሰበት ደሴት ተወልዶ፣ እውነቱ ለአንዱ ብቻ ከተነገረ የሌላው ጥፋት ምንድን ነው? ቲንዳል በ1730 የጻፈው መጽሐፍ የቆመው በዚሁ ክርክር ላይ ነው። ይህን ጥያቄ በቁም ነገር ያልወሰደ አማኝ ሃይማኖቱን ገና አላሰበበትም ብል ድፍረት አይሁንብኝ።

አብርሃምና የፀሐይ አምላክ

ታዲያ ክርስትና ለዚህ መልስ የለውም? አለው፤ ያውም ከሰንበት ትምህርት ቤት ጀምሮ የምናውቀው።

የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ሕግን በሦስት ይከፍለዋል፦ ሕገ ልቡና፣ ሕገ ኦሪት፣ ሕገ ወንጌል። ሕገ ልቡና ማለት ሙሴ ጽላቱን ከመቀበሉ በፊት የነበሩ አበው በልቡናቸው ብቻ እግዚአብሔርን ያወቁበት ነው። ሐዋርያው ጳውሎስም ለሮሜ ሰዎች በላከው መልእክት ሁለተኛ ምዕራፍ ላይ ኦሪት ያልደረሳቸው አሕዛብ በልባቸው የተጻፈ ሕግ እንዳላቸው ይናገራል። ስለዚህ «ልቡና አምላክን ያውቃል» ማለት በራሱ ኑፋቄ አይደለም፤ የቤቱ ትምህርት ነው።

የዚህ ትምህርት ምሳሌ አብርሃም ነው። አባቱ ታራ ጣዖት ይሠራል፤ ልጁን እንዲሸጥ ይልከዋል። አብርሃም ጣዖቱን ቢጠይቀው አይመልስም፣ ቢሰብረው አይቃወምም። ከዚያ በመምህራን አንደበት እንደሚተረከው ውኃውን፣ እሳቱን፣ ነፋሱን፣ በመጨረሻም ፀሐይን መረመረ፤ ፀሐይም ስትጠልቅ አያት። ሁሉም የሌላ ተገዢ ሆነው ሲያገኛቸው የፀሐይ አምላክ ራሱ እንዲያናግረው ለመነ።

እዚህ ላይ ቁሙልኝ። እስከዚህ ድረስ አብርሃም፣ ዘርዐ ያዕቆብና ኸርበርት አብረው ሊሄዱ ይችላሉ፤ አንዳቸውም በመንገዱ አይጣሉም። የሚለያዩት በሚቀጥለው እርምጃ ነው። በክርስትና ትረካ እግዚአብሔር ተናገረ፤ ከሀገርህ ውጣ አለው፤ ታሪክ ከዚያ ይጀምራል። በዴይስቱ አመለካከት ግን ጥያቄው ራሱ መልሱ ነው፤ ያን ጥያቄ መጠየቅ የሚችል አእምሮ ተሰጥቶናል፣ ሌላ ድምፅ አንጠብቅ። ስለዚህ በክርስትናና በዴይዝም መካከል ያለው ድንበር «አእምሮ ይሠራል ወይስ አይሠራም» የሚል አይደለም። ድንበሩ አምላክ ይናገራል ወይስ አይናገርም የሚለው ነው።

በዚህ ዓይን ስታዩት በቤተ ክርስቲያን «አምስቱ አዕማደ ምሥጢር» የሚባሉት (ሥላሴ፣ ሥጋዌ፣ ጥምቀት፣ ቁርባን፣ ትንሣኤ ሙታን) የሚጀምሩት ሐተታው ካቆመበት ነው። «አንድ ፈጣሪ አለ» እስከሚለው ልቡና ሊያደርስ ይችላል፤ ያ ፈጣሪ ሰው ሆነ የሚለውን ግን ማንም ኮከብ ቆጥሮ አይደርስበትም። ወይ ተነግሮን እናምናለን፣ ወይ አንቀበልም።

የአንግሊካኑ ጆሴፍ በትለር በ1736 ለዴይስቶች የሰጠው መልስም ሊታወቅ ይገባዋል። እናንተ መጽሐፍ ቅዱስን «ግልጽ ያልሆነ፣ ለአንዱ ደርሶ ለሌላው ያልደረሰ፣ ጭካኔ ያለበት» ትላላችሁ፤ የምታምኑበት ተፈጥሮስ? እሱም ለአንዱ ሰጥቶ ለሌላው ይነሣል፣ እሱም ግራ ያጋባል። በመጽሐፉ ምክንያት አምላክን ከተጠራጠራችሁ በተፈጥሮም መጠራጠር ነበረባችሁ ነው ነገሩ። ክርክሩ ሁለት አፍ ያለው ሰይፍ ነው፤ አንዳንዱ አንባቢ በተፈጥሮም ተጠራጥሮ ከዴይዝም ወደ ክህደት አልፏል። በ1755 በቅዱሳን ሁሉ በዓል ቀን ሊዝበን በመሬት መንቀጥቀጥ ስትፈርስ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ያሉ ምእመናን ሲያልቁ፣ «ሁሉን አሳምሮ ሠርቶ የተወው ሰዓት ሠሪ» የሚለው አሳብም አብሮ ተናጋ።

ታዲያ ዘርዐ ያዕቆብ ዴይስት ነው?

ግማሽ በግማሽ ቢባል ይሻላል። ተአምርን፣ የካህናትን ሥርዓት፣ ለአንድ ሕዝብ ብቻ የተሰጠ መገለጥን በመመርመሩ ዴይስት ይመስላል። ግን ይጸልያል! ያውም በየዕለቱ፣ ዳዊቱን እየደገመ፣ ከልቡ የማይስማማውን እየተወ። ልጅ ሳለ ገደል ወድቆ መትረፉን የአምላክ ጥበቃ ይለዋል። ከሳሾቹ ሲጠፉ፣ ሥራ ሲያገኝ፣ ሚስት ሲያገኝ የፈጣሪን እጅ ያያል። ሰዓቱን ሞልቶ ዞር ያለ ሠሪ አይደለም አምላኩ፤ ጎረቤት ነው። ልቡና እንዲሰጠው ጸልዮ ልቡናው ሲበራለት «ተሰማሁ» ይላል። የፀሐይ አምላክ ተናግሮታል ማለት ነው፤ በነጎድጓድ ሳይሆን በማስተዋል።

«እንግዲያው ዴይስት አይደለም» ለማለት አትቸኩሉ፤ ኸርበርት ራሱ በገዛ ሕይወት ታሪኩ ምን እንደጻፈ ስሙኝ። መጽሐፉን ላሳትም ወይስ ልተወው ብሎ ቢቸገር ተንበርክኮ ምልክት ለመነ፤ ከሰማይ ለስለስ ያለ ድምፅ ሰማሁ፣ አሳተምኩት ይላል። የዴይዝም አባት የሚባለው ሰው! ቀዝቃዛው ሰዓት ሠሪ በኋላ የመጣ ሥዕል ነው፤ የ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጠያቂዎች ብዙዎቹ በጉልበታቸው ተንበርክከው የሚጠይቁ ነበሩ።

የሚከብደኝ ሌላ ቦታ ነው። ሰላም ሲሆን ዘርዐ ያዕቆብ ከዋሻው ወጥቶ ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ ወዳለችው እንፍራንዝ ሄደ። ሀብቱ የሚባል ባለጸጋ ቤት መጻሕፍት እየጻፈ፣ ልጆች እያስተማረ ኖረ። የቤቱ አገልጋይ የነበረችውን ኂሩትን ፈቃዷን ጠይቆ አገባ፤ ባልና ሚስት እኩል ናቸው ይላል። ያሰበውን ግን ለጎረቤት አልነገረም፤ በውጭ እንደ ክርስቲያን ኖረ፣ በልቡ እንደ ልቡናው አመነ። ቢናገር ይገድሉት ነበር ትሉ ይሆናል፤ እውነት ነው። ግን መመርመር ለሰው ሁሉ የተሰጠ ግዴታ ከሆነ፣ ዝም ያለ መርማሪ ጎረቤቱን በስሕተት ውስጥ አይተወውም? የነገረው ለአንድ ተማሪው ለወልደ ሕይወት ነው፤ እሱ ለምኖት በእርጅናው ጻፈው ይባላል። ወልደ ሕይወትም የራሱን ሁለተኛ ሐተታ ጽፏል፤ ያኛው ለትዳርና ለዕለት ሥራ ምክር የሚያዘነብል ነው።

አሁን ማን ጻፈው?

የሚታወቁት የመጽሐፉ የቆዩ ቅጂዎች ሁለት ናቸው፤ ፓሪስ በፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት፣ በዳባዲ ስብስብ ውስጥ፣ ቁጥር 215 እና 234። ሁለቱም የመጡት በአባ ጁስቶ በኩል ነው፤ አንደኛው በራሳቸው እጅ የተገለበጠ ነው። መነኩሴው ከኢትዮጵያ ተባርረው በ1856 ካርቱም ላይ ሞቱ። በ1904 ጀርመናዊው ኤኖ ሊትማን ግዕዙን ከላቲን ትርጉም ጋር ሲያሳትም የ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ኢትዮጵያዊ ሥራ ነው ብሎ ተደንቆ ነበር።

በ1920 ጣሊያናዊው ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ ነገሩን ገለበጠው። ማስረጃዎቹ በአጭሩ፦ ከአባ ጁስቶ ውጭ የመጣ ቅጂ የለም። ተክለ ሃይማኖት የሚባሉ የዐድዋ ካቶሊክ ቄስ ደራሲው ጁስቶ ናቸው የሚል ምስክርነት ትተዋል። የመነኩሴው የክርስትና ስም ደግሞ ያኮፖ ነበር፤ ያዕቆብ ማለት ነው። በ1934 ዩጂን ሚትቮህ ይህንኑ ደገፈ። ክርክሩ የተዘጋ መሰለ።

ከ1970ዎቹ ጀምሮ ግን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፍልስፍና ያስተማሩት ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ክላውድ ሰምነር ጽሑፉን ቃል በቃል መረመሩ፣ ከመጽሐፍ ቅዱስ የተጠቀሱትን ቆጠሩ፣ ሁለቱን ሐተታዎች አነጻጸሩ፤ ደራሲዎቹ ሁለት የተለያዩ ኢትዮጵያውያን ናቸው ብለው ደመደሙ። በጥቅሶቹ ዳዊት የበላይ መሆኑ ዳዊት ደግሞ ያደገን ሰው ያሳያል። በሌላ በኩል በ2013 ፈረንሳዊቷ የታሪክ ተመራማሪ አናይስ ቪዮን የጁስቶን ደብዳቤዎችና ብራናዎቹን መልሰው አጥንተው ሥራው የጁስቶ ነው አሉ። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ በበኩላቸው ቀድሞ ይጠራጠሩ ነበር፤ በኋላ ግን መሠረቱ የኢትዮጵያዊ ነው ወደሚለው አዘነበሉ። በ2023 አዲስ የእንግሊዝኛ ትርጉም ወጥቷል፤ ክርክሩም ሞቅ ብሎ ቀጥሏል።

ማስረጃውን ስትመዝኑ ሁለት ወጥመዶች አሉ። አንደኛው «አሳቡ ዴይዝም ነው፣ ዴይዝም የአውሮፓ ነው፣ ስለዚህ ጸሐፊው አውሮፓዊ ነው» የሚለው ነው። ይህ ክርክር መደምደሚያውን ከመነሻው ውስጥ ደብቆ ነው የሚመጣው። የሃይማኖት ጦርነት አውሮፓ ውስጥ ኸርበርትን ከወለደ፣ የሱስንዮስ ዘመን እዚህ ተመሳሳዩን እንዳይወልድ ምን ይከለክለዋል? ሕገ ልቡናን፣ የአብርሃምን ምርመራ፣ «አንድም» እያለ ፍቺ የሚደረድረውን ጉባኤ ያደገበት ሰው ቁሳቁሱ በእጁ ነበር።

ሁለተኛው ወጥመድ የእኛ ነው። ኮንቲ ሮሲኒ የቅኝ ግዛት ሹም የነበረ፣ በ1935 ወረራ ዋዜማ ላይ ኢትዮጵያ መሠልጠን አትችልም ብሎ የጻፈ ሰው ነው። ታዲያ ክርክሩን ለመጣል ይሄ ይበቃል? አይበቃም። ክፉ አሳብ ያለው ሰውም ትክክለኛ ማስረጃ ሊይዝ ይችላል። ቅጂዎቹ በአንድ ሰው እጅ ብቻ መምጣታቸው ተናጋሪው ማንም ይሁን ማን የሚያሳስብ ሐቅ ነው። የያኮፖ ስም ግን ለእኔ ቀላል ማስረጃ ነው፤ ያዕቆብ የሚባል ሰው በሁለቱም ሀገር ሞልቷል።

የራሴን ልናገር ካላችሁ፣ በሁለቱም ወገን የቀረበው ለፍርድ አይበቃም፤ ሆኖም ቅጂውን በተመለከተ የማሳየት ሸክሙ ያለው ኢትዮጵያዊ ነው በምንለው ላይ ይመስለኛል። ሊፈታው የሚችለው ነገር ደግሞ ምን እንደሆነ እናውቃለን፦ ከ1852 በፊት የተጻፈ፣ በአባ ጁስቶ እጅ ያላለፈ አንድ ቅጂ፤ ወይም ከዚያ በፊት ሐተታውን በስም የሚጠቅስ ሌላ ጽሑፍ። አንድ ገጽ እንኳ ቢሆን የእጅ ጽሕፈቱ ቅርጽ፣ የብራናው አዘገጃጀትና ቀለሙ ዘመኑን ይናገራሉ። በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ አድባራት ዕቃ ቤት ያሉት መጻሕፍት ሁሉ ደግሞ ገና ተቆጥረው፣ ፎቶ ተነሥተው አላለቁም።